ከሀምሳ አለቃው መስኮት ትይዩ የቆመው የዶሮ ቤት

ለደምሴ፣ ለአስር አለቃዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? ከተለየኸኝ ስምንተኛው ፋሲካ አለፈ። ይህን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ፤ ለሰው ነግሬ ያስጻፍኩት አይደለም። በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ልጄ በምትሆን አስተማሪ ፊት ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጥሬያለሁ። አንተ ላስተምርሽ ስትለኝ እጄ ለእርሳስ አልተፈጠረም እልህ ነበር። ተፈጥሯል። ያስተማረኝ ግን ቂም ነው።

ጓሮው እንዳንተ ጊዜ ባዶ አይደለም። ወንበርህን አውጥተህ የምትቀመጥበት ጥግ፣ የጎረቤታችን የሀምሳ አለቃ ታፈረ መስኮት በአጥሩ ላይ አሻግሮ የሚያየው ቦታ፣ አሁን የዶሮ ቤት ቆሞበታል። ለምን እዚያ እንደቆመ አታውቅምና ልንገርህ።

አርባህ በወጣ በሳምንቱ ሀምሳ አለቃው መጥቶ፣ ያንን ጥግ ስጪኝና ቤቴን ላስፋበት፣ ብቻሽን ነሽ ምን ያደርግልሻል አለኝ። አልሰጥም አልኩ። ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ፋሲካ ደረሰ።

ቅዳሜውን ታስታውሳለህ። ቢላህን ስለህ ከሰዓት በኋላ ትወጣና ወንድ የሌለበትን ቤት ሁሉ አዳርሰህ ትመለስ ነበር። ሀምሳ አለቃው ግዳጅ ላይ በነበረባቸው ዓመታት ለሚስቱ ለዘነቡ ያረድክላት አንተ ነህ። የእኛን መጨረሻ ታርድና፣ እኔ ስገነጥል አጠገቤ ቁጭ ብለህ ብልቱን ትቆጥራለህ፤ አስራ አንድ ነው፣ አስራ ሁለተኛውን ድመቷ በላችው ወይስ አንቺ እያልክ። ፈረሰኛውን እስክታገኝ ድረስ ቆጠራህ አይስተካከልም ነበር።

አንተ በሌለህበት በመጀመሪያው ፋሲካ፣ በአንድ እጄ ዶሮ በአንድ እጄ ቢላህን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። እግዜር ልጅ አልሰጠን፣ ሴት አታርድ፣ አላፊ አግዳሚውን ወንድ መለመን ሆነ ዕጣዬ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ከብት ነጋዴ ኦቦ ጉዮ አየኝና፣ ሙስሊም ባልሆን እኔ አርድልሽ ነበር ብሎ አዘነ። ሀምሳ አለቃው የራሱን አርዶ ደጁ ላይ እጁን ይታጠባል። ጋሼ፣ እባክዎ ዶሮዬን ይረዱልኝ አልኩት። ሰው በተሰበሰበበት፣ ጓሮሽን ለብቻሽ ያዝሽ አይደል፣ ዶሮሽንም ባልሽን ቀስቅሰሽ አሳርጂው አለኝ። የሳቁም ነበሩ። ዘነቡ በሩን ተደግፋ አየችኝና ወደ ውስጥ ገባች። ጾሜን የፈታሁት በሽሮ ነው።

ያች ሳትታረድ የቀረች ዶሮ እንቁላል ጣለች፣ ታቀፈች፣ በሃያ አንድ ቀኗ ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች። ሸለምጥማጥ እንዳይጨርስብኝ ከካምፕ ያመጣሃቸውን የጥይት ሳጥኖች አወጣሁ። ኦቦ ጉዮ መዶሻውን ይዞ መጣ። ቦረና ለዶሮ ቤት ሠራ ቢባል አገር ይስቅብኛል፣ ምናለ ላም በሆነች እያለ ሁለት ቀን ለፋልኝ። ከጥድ እግር አቆመለት፤ ምስጥ እንዳይወጣበትም እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አስገባቸው። ውስጡ ቆጥ አጋደመ፣ ላዩን ቆርቆሮ አለበሰው። የት ይቁም ሲለኝ ጥጉን አሳየሁት። መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እዚያው አቆመው። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ሳጥኖቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ላነብ ብታገል አልሆን አለኝ፤ ለካ የሩሲያ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ፈንግል ገብቶ ዶሮዎቼን ከሦስት በቀር ፈጀብኝ። ሀምሳ አለቃው በመስኮቱ፣ ሬሳሽን ቶሎ ቅበሪ፣ ሸተተን አለኝ። ከዚያ ወዲህ ክትባት አምልጦኝ አያውቅም።

በየዓመቱ ትልቁን አውራ ዶሮ ሀምሳ አለቃ ብዬ እሰይመዋለሁ። አልገባም ሲለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንተ ሀምሳ አለቃ፣ የሰው ጓሮ መመኘቱን ተውና ቆጥህ ላይ ውጣ እለዋለሁ። ሀምሳ አለቃ ዘንድሮ ሰብቷል፣ ለፋሲካ ይደርሳል እያልኩ ለጎረቤት አወራለሁ። መስኮቱ ይዘጋል።

ከእኔ አውራ ዶሮ የሚፈልግ ወንድ ደግሞ ሕጌን ያውቃል። ቅዳሜ ቢላውን ይዞ ይመጣና አስቀድሞ ባሏ ለሞተባት ሴት ያርዳል። የሰፈሩ ባልቴቶች እንግዲህ በር ላይ አይቆሙም፤ ዶሯቸውን አቅፈው እኔ ጓሮ ይገባሉ። ያልተጠራው ሀምሳ አለቃው ብቻ ነው።

ዘንድሮ በሽታ ቀኝ ጎኑን መታው። ልጆቹ ለወርቅ ሻኪሶ እንደወረዱ ቀርተዋል። ቅዳሜ ዕለት ዘነቡ ዶሮ ይዛ፣ ያን ጊዜ እኔ በቆምኩበት አኳኋን በሬ ላይ ቆመች። አንተ ብትኖር ግቢ ትላት እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ግን ራሱ ይምጣ አልኳት።

መጣ። በግራ እጁ ከዘራ ተደግፎ፣ አስካለ፣ እባክሽ አሳርጂልኝ አለ በተኮላተፈ አፉ። ወንዶቹ ቢላቸውን እንደያዙ ዞረው አዩት። አንቱታውን ትቼ፣ እንደዛሬው ባለ ቀን ምን ብለኸኝ ነበር አልኩት። አሰበ፤ ከልቡ ነው ያሰበው። ምን ብዬሽ ነበር አለኝ።

ረስቶታል። እኔ ስንት ዓመት ያላመጥኩትን እሱ በዚያው ቀን ከእጁ ውኃ ጋር ደፍቶታል። ቃሉን አንድ ሳላስቀር በሰው ፊት ደገምኩለት። የሌላ ሰው ወሬ እንደሚሰማ ሆኖ ሰማኝ። የባልቴቶቹ ሁሉ ታርዶ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ አቆምኩት፤ የእሱ መጨረሻ ታረደ። እጠግባለሁ ብዬ ነበር፣ አልጠገብኩም። የረሳን ሰው ምን አድርገው ይበቀሉታል?

ሰኞ ዕለት ኖራ በጠበጥኩ። ከመስኮቱ ትይዩ ባለው የዶሮ ቤቱ ሳንቃ ላይ፣ ከሩሲያው ጽሑፍ በላይ፣ በትልቁ «ባልሽን ቀስቅሰሽ አሳርጂው» ብዬ ጻፍኩ። ከታመመ ወዲህ ውሎው እዚያ መስኮት ላይ ነው። ማንበብ ያውቃል። ኦቦ ጉዮ ምን ይላል ብሎኝ ነገርኩት፤ አሁንስ ይብቃሽ አለኝ። አልበቃኝም።

ያንተን ስም ከውስጥ በኩል፣ እንቁላል ለማንሣት እጄን በማስገባበት ሳጥን ላይ በምስማር ቀርጬዋለሁ። በየማለዳው ጣቴ ያገኘዋል። ሁለታችሁንም አልረሳም ደምሴ፤ አንተን ከውስጥ፣ እሱን ከውጭ። የውጭውን ክረምት ባጠበው ቁጥር መልሼ እጽፈዋለሁ። ያንተን ዝናብ አያገኘውም።

ሚስትህ አስካለ
ነገሌ ቦረና