አርባ ሜትር ላይ ያስቸገረኝ አንቴና

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ጅግጅጋ

አንቴናው ዛሬ ተስተካከለ። በአስርና በሃያ ሜትር ሞገድ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደህና ነበር። በአርባው ግን ቁመቱን ባሳጥርም ባስረዝምም ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው መለኪያ ከሦስት አልወርድ አለኝ፤ ጥሩ የሚሆነው ወደ አንድ ሲጠጋ ነው፣ ሁለት እንኳ ቢሆን ይበቃኝ ነበር። ሬዲዮ ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አዲስ አበባ ብቻቸውን ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ለዚህ ርቀት በሚሆነው በዚሁ ሞገድ ሊያገኙኝ ሦስት ሳምንት በከንቱ ጠበቁ።

ጠዋት መሰላል ላይ እያለሁ አከራዬ ኢዶ ሃዋ ወጡ። በሶማልኛ እኔ ለእሳቸው መዓሊን፣ መምህሩ፣ ነኝ፤ እሳቸው ለእኔ ኢዶ፣ አክስት።

«መዓሊን፣ ይሄን ብረት አውርድ። ዝናብ እየመጣ ነው፣ መብረቅ ይጠራብናል። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።»

ልክ ናቸው። መፍቻ ላመጣ ስወርድ የልብስ ማስጫቸው ሽቦ ትከሻዬን ነካኝ። ከአንቴናው ቢርቅ አንድ ክንድ ነው፤ እንዲህ የተጠጋ ረጅም ሽቦ የአርባውን ሞገድ ያዛባል። ይህን ሁሉ ቀን እንዴት አላየሁትም? አስፈቅጄ ፈታሁትና እንደገና ለካሁ። አንድ ነጥብ አራት!

አራት ሰዓት ላይ ተጣራሁ። ጋሽ ታደሰ ወዲያው መለሱ።

«ልጄ፣ መጣህ?» አሉ።

ኢዶ ሃዋ የክፍሌ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«ሽማግሌው ብቻውን ነው?»

«አዎ፣ ብቻቸውን ናቸው።»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «እስኪደምን ይቆይ። ሲደምን ግን ራስህ ታወርዳለህ።»

እሺ አልኩ። ብረቱ ከባድ ስለሆነ ብቻዬን እንዴት እንደማወርደው ገና አላውቅም።