ባለቤቴ ሲቀበር ስላስጎበኙኝ ደሴት

ለተከበሩ አቶ አስናቀ ቱሳ፣
የሰፈራችን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣
አሰላ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና ይስጥልኝ እያልሁ፣ ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅዎ የጉልበት ሕመም ዛንዚባርን ሊያስጎበኙኝ በደከሙት ድካም እንዳልባሰብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና እንድሆን በእድሩ ኮሚቴ ተወስኖልኛል።

አባላቱ ሁሉ እንዲረዱት ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ዱባይ የምትሠራው ልጄ ትንቢት እኔንና አባቷን ዛንዚባር ወስዳ ልታዝናናን ተነሣች። ባለቤቴ ገብረ መድህን ግን ላሟ ልትወልድ ነው፣ ለማን ትቻት ልሂድ ብሎ ቀረ፤ እኔም ልቅር ብል ተቆጥቶ ሸኘኝ። በሄድን በሦስተኛው ቀን ልቡ ቆመ። እርስዎም ኮሚቴውን ሰብስበው፣ በሰው አገር ብንነግራት ደንግጣ ባሕር ውስጥ ትገባለች፣ አገሯ ስትመለስ በወጉ እናረዳታለን አሉ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩፦ በገብረ መድህን ስልክ ስደውል እርስዎ አንስተው፣ እህል ሊገዛ አርቦዬ ሄዷል፣ ስልኩን እኔ ጋ ረስቶት ነው ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እህል የሚገዛበት ወቅት እንዳልሆነ ማሰብ ነበረብኝ፤ ነገር ግን የእድር ዳኛ ይዋሻል ብዬ በምን አንጀቴ ልጠርጥር።

፪፦ ከሶደሬ ሌላ ውኃ አይተው የማያውቁት እርስዎ፣ በደሴቱ ላይ የሚታየውንና የሚሠራውን ሁሉ ከኢንተርኔት አፈላልገው በየቀኑ እየደወሉ ስለዘረዘሩልኝ ውለታዎን አልረሳውም። የቅርንፉዱ እርሻ፣ የድሮዎቹ ሱልጣኖች ቤት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በሸራ ጀልባ መሄድ፣ አንድም አላስቀሩብኝም። በተለይ ዶልፊን ሳታይ እንዳትመለሺ ብለው በአደራ ማስያዝዎ ገርሞኛል። ባሕር ውስጥ እንዳትገባ የፈሩላትን ሴት ራስዎ በጀልባ ጭነው ባሕሩ መሃል አደረሷት።

፫፦ እርስዎ ሣጥኑን ወደ ጉድጓድ ሲያወርዱ እኔ ለአንድ ትልቅ ኤሊ ቅጠል አበላ ነበር። አስጎብኚው ዕድሜው ከመቶ ዓመት ይበልጣል አለን፤ እኔም ስቄ ለባለቤቴ ፎቶ ላክሁለት። ያን ፎቶ እስካሁን ማየት አልቻልሁም።

፬፦ ታናሽ ወንድሙ ከሮቤ እስኪደርስ ቀብሩን አንድ ቀን ማቆየትዎ የሚያስመሰግን ነው። ወንድም ይጠበቃል፣ ወግ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው የኖረች ሚስት ግን በዚያው ቀን አውሮፕላን ላይ ብትወጣ እንደምትደርስ ማንም ሳያነሣው ቀረ። ለቀባሪው አረዱት ሲባል እሰማ ነበር፤ ቀባሪው ተጠርቶ ባለሐዘኗ ስትዝናና የሰማሁት ግን በእኛ እድር ነው።

፭፦ ጎረቤቴን ወይዘሮ ከዲጃን ስላላሳመኑልኝ ደግሞ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ይህችኛዋ ምስጋና የእውነት ናት። ደውዬ ገብሬ እንዴት ነው ስላት ስልኩን ዘጋችብኝ። አኩርፌያት ነበር። ለካስ መዋሸት አቅቷት ስልኩን ይዛ ታለቅስ ኖሯል።

፮፦ ለልጄ ደውለው አባትሽ አርፏል፣ እናትሽ እንዳታውቅ፣ ሳቂላት ብለው አዘዟት። እሷም ታዘዘች፣ ልጆቻችንን እንዲህ አድርገን ነዋ ያሳደግናቸው። አባቷን ያጣች ልጅ ከበሮ በሚመታበት አሸዋ ላይ እጄን ይዛ አስጨፈረችኝ። ዓይንሽ ምነው ቀላ ስላት የባሕሩ ጨው ነው ትለኛለች፤ እኔ ሞኟ የሚጠጣ ውኃ አምጥቼ ዓይኗን አጠብሁላት። ለእኔ ሐዘን አዘናችሁልኝ እንበል። ለእሷ ማን አዘነላት? አንድ ሰው እንኳ አቅፏት ሳያስለቅሳት አባቷ ተቀበረ።

፯፦ ስለ መርዶው ሥነ ሥርዓትም ቅር የሚያሰኝ ነገር አልነበረውም። አዳማ እህቴ ብርቄ ቤት አሳደራችሁኝ። ብርቄ ያመጣሁላትን ቅርንፉድ እያሸተተች ስታስቀኝ አመሸች። ሲነጋ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ገባችሁ፤ እኔ ግን አበባ ያለበትን የደሴቱን ቀሚስ እንደለበስሁ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅልኝ ማን ሞተ እላለሁ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ክፋት እንዳላሰቡ አውቃለሁ፤ ክፋት አስበው ቢሆን ኖሮ ተጣልቼዎት በወጣልኝ ነበር። አባቶቻችን መርዶ የሚደብቁት መንገደኛው በበቅሎ ሳምንት ስለሚጓዝ፣ ቢሰማም ስለማይደርስ ነበር። እኔ እደርስ ነበር። ፊቱን አይቼ፣ እጁን ይዤ፣ አፈር አልብሼው እመለስ ነበር። እኔ ስሞት ግን ለልጄ በዚያው ሰዓት ይነገራት፣ ከቻለችም ትድረስ፣ ካልቻለችም ባለችበት ታልቅስ። ይህ በደንባችን ላይ እንዲጻፍልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ስለ እኔ እያሰቡ እኔን ለረሱት ለእርስዎና ለኮሚቴዎ የሚገባውን አክብሮት በማቅረብ፣ በባሏ ቀብር ላይ ያልተገኘች ብቸኛዋ የእድሩ አባል፣

ወይዘሮ ዘመናይ ይርሳው፣ ከአሰላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገብረ መድህን ባሕር አይቶ አያውቅም ነበርና ስሄድ ድምፁን ቅረጪልኝ ብሎኝ ነበር። በሞተበት ዕለት ጠዋት ማዕበሉን ቀርጬ ላክሁለት። ስልኩን ሲመልሱልኝ መልእክቱ ተከፍቷል። የከፈተው እሱ ይሁን እርስዎ ልጠይቅዎ ስንት ጊዜ ደጅዎ ደርሼ ተመለስሁ። እሱ ነው፣ ሰምቶታል እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እውነት ቢሆን እንኳ ከእንግዲህ አላምንዎትም።