ያለ ቀለበት የኖሩት የፕሮፌሰር «ድገሙት» የሕይወት ታሪክ

እህታችን ሰዓት ሠሪ ከነበሩት አባታችንና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታችን በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀናቸው ሳይደርስ ነው የመጡት። እናታችን «ይቺ ልጅ ሆዴም አላስቀመጣት» ይሉ ነበር፤ እውነትም ከዚያ ወዲህ ተቀምጠው ያየናቸው ከስንት አንዴ ነው።

በልጅነታቸው የአከራያችንን የእብነ በረድ ደረጃ ኮምጣጤ አፍስሰውበት፣ አረፋ ሲያወጣ ለማየት ተንበርክከው ተገኙ። ደረጃው ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ፤ አባታችን አከራዩን ሲለማመጡ ከረሙ። እሳቸው ግን የግርፊያው እንባ ሳይደርቅ የጓሮውን ድንጋይ በዚያው ኮምጣጤ ሞከሩትና ያኛው አረፋ እንደማያወጣ ለቤቱ ሁሉ አወጁ።

በ1964 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኬሚስትሪ አጠኑ። ቀጥለውም አለትና አፈር ከምን ከምን እንደተሠሩ በሚመረምረው በጂኦኬሚስትሪ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ተምረው፣ በ1974 ዓ.ም. በዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። በዓመቱ ወርቅ ሠሪ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። ቀለበቱን በገዛ እጃቸው የሠሩላቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ ለሚስቴ ቅይጥ አላደርግም ብለው ከንጹሕ ወርቅ ሠሩት። ንጹሕ ወርቅ ደግሞ ለስላሳ ነው።

በ1976 ዓ.ም. እህታችን ከአንድ ሸለቆ ባመጡት አፈር ውስጥ ወርቅ አገኙ። ጽሑፋቸው በታወቀ መጽሔት ወጣ፤ ማዕረግም ተሰጣቸው። አንድ የማዕድን ድርጅት በሸለቆው የሚኖሩትን አትክልተኞች አስነሥቶ ሊቆፍር ተሰናዳ። ያን ጊዜ እህታችን ሴት ልጃቸውን አርግዘው ነበር። ጣታቸው ስላበጠ ቀለበቱን በሳሙና አወለቁ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እንዲያው ውስጣቸው አላርፍ ስላላቸው፣ ከዚያው ሸለቆ ሌላ አፈር አምጥተው መረመሩ። ወርቅ የለም። ደገሙት፤ የለም። የሥራ ባልደረቦቻቸው መሣሪያው ተበላሽቷል አሉ። እሳቸው ግን ቀለበቱን ትንሿ ጣታቸው ላይ ሰክተው ያንኑ አፈር በእጃቸው እያሹ በወንፊት ነፉት፤ ወርቁ ተመልሶ መጣ። ለካ ጠጠሩ ቀለበቱን እየፋቀ ኖሯል።

የክፍሉ ኃላፊ «ወልደሽ እስክትመለሺ ይቆይ፤ ማን ያየዋል?» ቢሏቸውም፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት አልሆነላቸውም። ከነሆዳቸው ስብሰባ ፊት ቆመው «ያ ወርቅ የሸለቆው አይደለም፤ ባለቤቴ የሠራልኝ ነው» አሉ። ያኔ ከሳቁት አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ አሉ። ይሳቁ፤ ኋላ እሳቸውም ስቀውበታል፣ ያን ዕለት ግን አልቅሰዋል። ማዕረጋቸው ተነሣ፤ እንደገና እስኪያገኙት ዓመታት ፈጀ። አትክልተኞቹ ግን ከቦታቸው አልተነሡም።

ከዚያ ወዲያ ቀለበት አላደረጉም። አማታቸው ልትፈታው ነው እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አስጨነቁ። ባለቤታቸው ቀለበቱን በሸሚዝ ኪሳቸው ይዘው የእህታችንን ጡረታ ጠበቁ። እህታችን በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ በማግስቱ ላብራቶሪ ተገኙ። ተማሪዎቻቸው «ድገሙት» ያሏቸው ማንኛውንም ውጤት ሲያዩ መጀመሪያ የሚወጣቸው ቃል እሱ ስለነበረ ነው። ቆመው ይበላሉ፣ ሻያቸው ይቀዘቅዛል፣ እንግዳ አስቀምጠው ናሙና ሊያዩ ይሄዳሉ። ባለቤታቸው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው በላኩ ቁጥር እህታችን «ነገ አፈር ልነካ እችላለሁ» ይሉ ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸው በዚህ ተቀይመናቸዋል፤ አልደብቅም።

ባለፈው ዓመት ጉበታቸውን ታመሙ። ሆስፒታል ተኝተውም አላረፉም፤ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስዞሩ፣ የደም ምርመራቸውንም አስደገሙ። ሰኔ 3 ቀን ግን ግራ እጃቸውን ለባለቤታቸው ዘርግተው «አድርግልኝ» አሉ። አርባ ዓመት ይህን ቃል የጠበቁት ባለቤታቸው ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ገና ነሽ፤ ነገ ላብራቶሪ ትሄጃለሽ» አሉ። እህታችን እጃቸውን አልሰበሰቡም። ጣታቸው ከስቶ ቀለበቱ ስለሰፋቸው፣ ባለቤታቸው ክር ጠምጥመው አጠለቁላቸው።

ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን የምጽፈውን ታናሽ ወንድማቸውንና ሥራቸውን ዛሬም የሚደግሙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ቀለበቱ አብሯቸው እንዳይቀበር አደራ ብለዋል፤ አንድ ቀን ያንን አፈር የሚመረምር ሰው እንዳይሳሳት። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ባለቤታቸው ክሩን ፈትተው አውልቀውታል፤ አሁን በእጃቸው ጨብጠውታል። እኛ ቁጭ ማሰኘት ያቃተንን ነፍስ ፈጣሪ አጠገቡ ያስቀምጥልን፤ ያን የተጨበጠ እጅም እሱ ያጽናው።