ማሊያህን አላወርደውም

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሙዐዊያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? በጥር ያመመህ ትከሻህስ ተሻለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብስ ትበላለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ስትናደድ ሳህኑን ገፍተህ ትነሳለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፣ ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፣ ለውዙም በቅሏል። የጎደለን ያንተ ድምፅ ብቻ ነው።

ስልክህ ከተዘጋ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። የመጨረሻ መልእክትህን አንብቤያለሁ። ዘንድሮ አሶሳ አልመጣም፣ ማንኩሽ ሄጄ የቀን ሥራ እፈልጋለሁ፣ ኳስ በቃኝ ትላለህ። ስልክ መዝጋት ትችላለህ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እስከ ካምፓችሁ በር የሚያመጣልህ የአይሱዙ ሹፌሩ ማህጁብ ነው። እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከፈለግክ ከዚያ ተቆጣኝ። ያን እሁድ ጨዋታህን ሰዉ ሁሉ እንዲያይ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከስፌት ቤቴ ጎን ያለውን የሂርጳን ዲኤስቲቪ ቤት ታውቀዋለህ። ዓመቱን ሙሉ ከሰውየው ጋር ስንጨቃጨቅ ከረምን። የእናንተ ጨዋታ ከእንግሊዝ ጨዋታ ጋር በተጋጨ ቁጥር ቻናሉን ይቀይርብኛል፤ እኔም መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ እሄድበታለሁ። ሴት በማትገባበት ቤት ቶቤን ተከናንቤ፣ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጬ፣ ያልቀየረብኝን ሁሉ አየሁ። ሌላው ሰው ኳሷን ያያል፣ እኔ የቲቪውን ጥግ። ሃያ ዘጠኝ ጨዋታ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጥክ፤ ስታሟሙቅ፣ ለዋናው በረኛ ውሃ ስታቀብል አይቻለሁ። አንድ ቀን ስታዛጋም አይቻለሁ፤ እሱን ለእናታችን አልነገርኳትም።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰና ዋናው በረኛ ተጎድቶ አንተ እንደምትገባ ደውለህ ነገርከኝ። አቻ ብትወጡ እንኳን ሊጉ ውስጥ ትቆያላችሁ። በዚያው ሰዓት ግን የአውሮፓ ዋንጫ ነበረና ሂርጳ ገና ሲያየኝ ተማረረ። «አንቺ ዓፊያ፣ ዛሬ እንኳን ተይኝ። ሰው ለእሱ ነው የመጣው» አለኝ። አልተውኩትም። ገብቼ ሰዉ ፊት ቆምኩና፣ የሚጫወተው ወንድሜ ነው፣ የዚህ ከተማ ልጅ ነው፣ ዛሬ ካላያችሁት መቼ ልታዩት ነው አልኩ። አጎታችን አብዱልረሂም «ይታይ» ብሎ መጀመሪያ እጁን አወጣ፣ ከዚያ ሌላውም ተከተለ። ሂርጳ እያጉረመረመ ቻናሉን ቀየረ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ተከላካዩ የመለሰልህ ኳስ በእግሮችህ መሀል አልፋ ገባች። ሜዳው ነው፣ ፀሐዩ ነው ብዬ አልዋሽልህም፤ አንተ ነህ የሳትካት። ከዚያ በፊት ሰባት ኳስ አውጥተህ ነበር፤ ሰዉ የያዘው ግን ያቺን ብቻ ነው። አንድ ለዜሮ ተሸነፋችሁ፣ ቡድኑም ወረደ። ቤቱ ውስጥ አንዱ ሳቀ።

እኔ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ሰዉ አውሮፓውን ሲያይ ያቺን ኳስ ማንም አያይም ነበር። ይህ ሐሳብ ሁለት ቀን ሙሉ ሲወጋኝ ሰነበተ፤ አለቀስኩም። በሦስተኛው ቀን ግን በራሴ ተናደድኩ። የታገልኩት እንዲያዩህ ነው፣ አዩህ። ነገም ቢሆን ይህንኑ አደርጋለሁ።

በጥቅምት የላክህልኝን አረንጓዴውን ባለ ሃያ ሁለት ቁጥር ማሊያ ስፌት ቤቴ ደጃፍ ላይ መስቀሌን ነግሬህ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሞባይል ጠጋኙ ኡመር መጥቶ፣ አውርጂው፣ የከተማውን ስም ያጠፋ ማሊያ ነው አለኝ። «ስላሸነፈ አልሰቀልኩትም፣ ስለተሸነፈም አላወርደውም፤ አንተ እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ደቂቃ ቆመህ ታውቃለህ ወይ?» አልኩት። አሳጥሪልኝ ብሎ የሰጠኝንም ሱሪ እንዳለ መለስኩለት፤ እየጎተተው ይሂድ።

የወይዘሮ አሰለፈችን ልጅ የእየሩስን የሙሽራ ቀሚስ ወገቡ ላይ ቆርጬ ያበላሸሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? በማግስቱ ስፌት ቤቴን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ማንም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ጨርቅ ይዛ የመጣችው ራሷ ወይዘሮ አሰለፈች ናት። ዘግቼ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ዘግቼ እቀር ነበር።

እናታችን ኳስ አታውቅም። የሆነውን ስነግራት «ተጎዳ ወይ?» አለችኝ። አልተጎዳም አልኳት። «ታዲያ ለምን አይመጣም?» አለች። አንተ መልስ ካለህ መጥተህ ፊት ለፊት ንገራት።

ማንኩሽ መሥራት ነውር የለውም፤ ተደብቆ መሥራት ነው ነውሩ። ቡድንህ ታችም ወርዶ በረኛ ያስፈልገዋል፣ አንተም ከዚህ በኋላ ያቺን ዓይነት ኳስ አትስትም። ብቻ ና። ስትመጣ ደግሞ በጨለማ ሹልክ ብለህ እንዳትገባ። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ፣ ቀትር ላይ፣ የቡድኑን ቱታ ለብሰህ መናኸሪያው ላይ ውረድ። እኔ እቀበልሃለሁ፣ በሂርጳ ቤት ፊት ለፊትም አብረን ቀስ ብለን እናልፋለን።

እናታችን ኸድራ በዱዓዋ አትረሳህም። አጎታችን አብዱልረሂም፣ ድጋሚም ቢሆን እጄን አወጣለሁ በይው ብሎሃል። ልጄ ሳሊማ በረኛ ካላደረጋችሁኝ አልጫወትም እያለች የሰፈሩን ልጆች አስቸግራለች፤ ናፍቃሃለች። ወይዘሮ አሰለፈች ከነቤተሰቧ ሰላም ትልሃለች። ሂርጳም፣ አታምነኝም እንጂ፣ ሰላም ብሎሃል።

ማሊያውን ዝናብ ሲመጣ አስገባዋለሁ፣ ሲያባራ መልሼ እሰቅለዋለሁ። ለብሶት ሊሄድ ከዚያ የሚያወርደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እስኪመጣ እዚያው ነው።

ታላቅ እህትህ ዓፊያ

አሶሳ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.