ዘሩን ያበላሸው እጅሽ አልነበረም

ለአስካለ፣ ለልጅነት ሚስቴ፤

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ሊገባ ደመናው እየተሰበሰበ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጽፍልሽ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር፣ የምጽፈው ነገር በሕይወት ሳለሽ በአንዲት ቃል ልነግርሽ የምችለው ስለ ነበረ፣ ኀፍረት እጄን እየያዘኝ ስተወው ኖርሁ። ከእንግዲህ ግን መተው አልችልም።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራሽ። ልጃችን ብርቄ በአዲሱ ክልል መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና ሥራ ተቀጥራለች፤ አሶሳም ትናንት መጋዘን በነበረው ቤት ሁሉ ላይ ታፔላ እየተሰቀለ ቢሮ በቢሮ ሆናለች፤ እኛ በሠፈራ ከወሎ የመጣነው ግን፣ ቁጥር እንጂ ስም ባልተሰጣት መንደራችን ተቀምጠን፣ አዲሱ ጊዜ ያኖረን ወይም ይሸኘን እንደ ሆነ ገና እየተጠያየቅን ነው። የጓሮ ማሳሽ በቆሎ ተዘርቶበታል። ማሽላ የሚዘራው ሰው ጥቂት ነው፤ እርሱም ዘሩን ከሆሞሻ ገበያ ሸምቶ ነው እንጂ፣ ካንቺ እጅ የወጣች አንዲት ፍሬ እንኳ በመንደሩ አትገኝም። ከምድጃው በላይ ለዘር የመረጥሽውን የማሽላ ራስ ትሰቅይበት የነበረው አግዳሚ እንጨት ጥላሸቱን እንደ ለበሰ ባዶውን ተጋድሟል።

ከወሎ ስንነሣ ዕቃ አትያዙ ቢሉን የአገርሽን ማሽላ በመቀነትሽ ቋጥረሽ አመጣሽው፤ ያም ዘር በዚህ ምድር ጸንቶ በቅሎ መንደሩን ሁሉ ካበላ በኋላ፣ አጨዳ ሳይጀመር በየማሳው እየዞርሽ፣ አገዳውን ጎንበስ አድርገሽ፣ ራሱን በመዳፍሽ መዝነሽ፣ ለዘር የሚሆነውን የምትለዪው አንቺ ሆንሽ። እጀ በረከት ይሉሽ ነበር። ካንቺ ሳያስመርጥ የሚዘራ ቤት አልነበረም።

እኔም ዕድሜዬን ቅኔ ስቆጥር ኖሬ በስተርጅና ከከተማው ወጣ ባለው የሙከራ ማሳ የማሽላ አዳቃዩ ባለሙያ ረዳት ሆንሁ፤ ሥራዬም አበባቸው ዱቄት የሌለውን እናት ማሽሎች ባዕድ ዱቄት እንዳይነካቸው በወረቀት ከረጢት መሸፈን፣ ረፋዱ ላይም የአባቱን ማሽላ ራስ አምጥቼ ዱቄቱን በእነርሱ ላይ ማራገፍ ነበር። አንድ ቀን ስንቄን ይዘሽ መጥተሽ፣ የተከናነበውን ረድፍ አይተሽ፣ «አንተ ደብተራ፣ ለማሽላ ሚዜ ሆነህ አረፍከው?» ብለሽ የሣቅሽው ሣቅ፣ ከዚያ በኋላ በቤታችን ብዙ አልተሰማም።

ከሁለቱ የሚወለደው ድቅል ከእናቱም ከአባቱም አብልጦ ያፈራል፤ ብርታቱ ግን የአንድ ዓመት ነው፤ ፍሬው ለዘር ቢቀመጥ የሚቀጥለው ትውልድ ከፊሉ አያቱን መስሎ፣ ከፊሉ ማንንም ሳይመስል ይወጣል። ይህን አውቅ ነበር፣ አስካልዬ። ዘሩ ለመንደራችን በማንጎው ጥላ ሥር በታደለበት ቀን፣ ባለሙያው ለሕዝቡ እንድናገረው ካዘዘኝ ቃል ዋናው፣ «ያመረታችሁትን መልሳችሁ አትዝሩ፤ በየዓመቱ አዲስ ይመጣላችኋል» የሚለው ነበር። እኔ ግን የምርቱን ብዛት አሳምሬ አስጊጬ ከተናገርሁ በኋላ፣ ጎረቤታችን አያ ሙሄ ከኋላ ሆኖ፣ «ዘር የሌለው ገበሬ ምን ገበሬ ነው፣ የሰው ሎሌ ነው እንጂ» ሲል ብሰማ፣ አይቀበሉኝም ብዬ ፈርቼ ያችን አንዲት ቃል ዋጥኋት። የማሽላውን ራስ ትልቅነት አይተው ሲደነቁ፣ በመከሩ ጊዜ፣ እነግራቸዋለሁ አልሁ።

በመከሩ ጊዜ ግን ለሥልጠና ወደ ፓዌ ተላክሁ፤ ስመለስም አግዳሚው ከድቅሉ ራስ ብዛት ጎብጦ፣ አንቺም ለየቤቱ መርጠሽ አድለሽ ጨርሰሽ፣ ደስ ብሎሽ ቆየሽኝ። «ያንተ ማሽላ እንዲህ ከሆነ፣ አሮጌውን ዘር ፈጨሁት፤ በአንድ ቤት ሁለት ዘር ምን ያደርጋል?» አልሽኝ። የወሎውን ነበር የፈጨሽው።

ያን ቀን መናገር እችል ነበር። ነገር ግን ከበልግ በፊት አዲሱ ዘር ይመጣል፣ ያኔ ማንም ሳያውቅ እተካዋለሁ፣ ክብሬም ይተርፋል ብዬ ዝም አልሁ፤ ዘር የሚያመጣው መኪና ሳይመጣ ዝናቡ መጣ፣ መንደሩም አንቺን አምኖ ዘራ።

የወጣውን አይተሻል። አንዱ አገዳ ከሰው ሁለት እጥፍ ሲረዝም ሌላው ከጉልበት አላለፈም፤ አንዱ ሲጎመራ ሌላው ገና አላበበም ነበር፤ ብዙው ራስ ቆሞ የታየ ገለባ ነበር፤ ጥቂት ያፈራውንም ወፍ ጨረሰው። በተከታዩ ክረምት መንደሩ ሥራ ሥር ቆፍሮ በላ። ዘር ያስመረጠ ሰው የዘሩን ክፋት የሚጠይቀው መራጩን ነውና፣ እጇ ከበደ አሉ። የአያ ሙሄ ሚስት፣ የዘር ቁናውን ልታነሺላት እጅሽን ስትዘረጊ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እትዬ አስካለ፣ አንቺስ ይቅርብሽ» ብላ ቁናውን ወደ ጎን ስትስብ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። 

ወባው በጣለሽ ጊዜም ሁለቱን መዳፎችሽን በደረትሽ ላይ ገልብጠሽ እያየሽ፣ «ምን አጠፋሁ? ራስ ራሱን ነው የመረጥሁት» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም፣ ሰው ሁሉ ዘንድ ቃል የማያጥረኝ፣ «የእግዜር ቁጣ ነው» አልሁሽ። የእኔን ኃጢአት ለፈጣሪ ሰጥቼ፣ አንቺን ከነጥርጣሬሽ ቀበርሁሽ።

ያለፈው እሑድ በዕድሩ ስብሰባ ተነሥቼ ሁሉን ዘርዝሬ ተናገርሁ። የጮኸብኝ፣ የሰደበኝም የለም። አያ ሙሄ ብቻ ምርኩዙን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣና፣ «እኛማ ሰማን፤ ሳንሰማም ኖረን ነበር። መስማት የነበረባት የለችም» ብሎ ወጣ፤ ሚስቱም ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጥላ ተከተለችው።

እንግዲህ ስሚኝ፤ ምንም እንኳ ወረቀት ወደ መቃብር እንደማይወርድ ባውቅ፣ ሳልጽፈው ብሞት ደግሞ ሁለተኛ መዋሸቴ ነው። ምርጫሽ የቀና ነበር። ራሱን በመዳፍሽ መዝነሽ ያየሽው ሁሉ ልክ ነበር፤ ዐይን የማያየውን አውቆ የደበቀው እኔ ነበርሁ። ይቅርታሽን ለመለመን አፍ የለኝም። ማስታወሱን ግን ማንም አይከለክለኝምና ቃል እገባልሻለሁ፦ በቀረችኝ ዕድሜ ያ የረኃብ ክረምት በለቅሶ ቤትም ቢሆን በሠርግ፣ በማሳም ቢሆን በገበያ በተነሣ ቁጥር፣ ስምሽ ከመጠራቱ በፊት የእኔን ስም አስቀድሜ እጠራለሁ፤ እኔ በሌለሁበት ደግሞ ብርቄ ትጠራዋለች፤ አስምያታለሁ።

ባልሽ