ደጄን የሚዘለው ሰሌዳ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ዛሬ ቆሻሻ አወጣሁ። በገዛ እጄ!

ከተጋባን ሃያ ሦስት ቀን። ኡኤዳ ከገባን ዐሥራ አንድ። እዚህ ከተማ ፌስታሉ ላይ ስም ካልተጻፈ ቆሻሻ አይነሣም። ጥሩ ደንብ ነው... ሰው ለጣለው ነገር እንኳ ይጠየቅበታል። ብሩሽና ቀለም አወጣሁ፤ የእጅ ጽሑፍ መምህሬ ያስተማሩኝን ሁሉ ሰብስቤ በደማቁ ጻፍኩ፦ ኡታኮ።

ባሌ ቶሞሂሮ ፌስታሉን ሲያይ ሻዩ ትን አለው።

«የቤተሰብ ስምሽስ?»

ለካ አሁን የቤተሰብ ስም አለኝ! እኛ ቤት እንዲህ የሚባል ነገር አልነበረም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ያገባሁ ለት፣ ተራ ሰው ያገባች ልዕልት እንደሚደረግባት፣ ከጃፓን ቤተ መንግሥት መዝገብ ተሰርዤ ወጣሁ፤ ይኸው አሁን ኩሳካ ነኝ። የሳይንስ መምህሩ የኩሳካ ሚስት።

«ይሁን፣ በዚህ መንደር ሌላ ኡታኮ የለችም» ብሎ ሳቀብኝ። ፌስታሉን እንዳለ ወስጄ አስቀመጥኩት።

የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ ደጃፌ ቆሜ ነበር። እጄ በራሱ ጊዜ ተነሣና ሰላምታ ሰጠ። ያንኑ ከመኪና መስኮት ለሕዝብ የምንሰጠውን... የቆሻሻ ሠራተኞቹ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። ሮጬ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ፊቴ ሲግል ዋለ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

መንደራችን ዐሥር ቤት ነው። አንዲት የእንጨት ሰሌዳ አለች፣ «የሳምንቱ ተረኛ» የሚል የተጻፈባት። ሰሌዳዋ በሩ ላይ የተሰቀለችበት ሰው ሳምንቱን ቆሻሻ የሚጠራቀምበትን ቦታ ይጠርጋል፣ የቁራ መከላከያውን መረብ ይዘረጋል፣ ያጥፋል። ከዚያ ለጎረቤቱ በር ያሻግራታል። በቃ።

አሁን ቁጥር ሦስት ላይ ናት። ቀጥሎ ቁጥር አራት፣ ወይዘሮ ኒሺዎ... የመንደሩ ሊቀ መንበር። ከዚያ እኛ። መጥረጊያ ገዛሁ። ጓንትም ገዛሁ፣ ነጭ። (ልማድ መጥፎ ነው።)

ከሠርጌ ቀን የበለጠ በጉጉት ነው የምጠብቃት ብል ቶሞሂሮ ይቀየመኝ ይሆን? ጠየቅኩት። ተቀየመ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ሌሊቱን ልብሴን እንደለበስኩ አደርኩ ማለት ይቻላል። በማለዳ በሩን ከፈትኩ... ምንም የለም። አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ሰሌዳዋ ቁጥር ስድስት በር ላይ ተሰቅላለች፣ አቶ ሃጊኖ ዘንድ። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር።

ከአራት ወደ ስድስት። አምስት የሚባል ቁጥር የት ሄደ?

ረስተውኝ ይሆናል። ይሆን?

ከአጥር ማዶ የወይዘሮ ኒሺዎ ድምፅ ይሰማኛል። የቁጥር ሁለቷን ምራት እየሞለጯት ነው፦ «አንቺ! ጠርሙስና ቆርቆሮ ያደባለቅሽው አንቺ ነሽ? ዓይንሽን ቤት ትተሽው ነው የወጣሽው?» ወዲያው እኔ ብቅ ስል ጎንበስ አሉ፤ የጠጉራቸው መለያ መስመር እስኪታየኝ ድረስ። «ልዕልታችን፣ ብርዱ አልጠናብዎትም?» ድምፃቸው ማር።

በቁጥር ሁለቷ ምራት ቀናሁ። እውነቴን ነው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 8

ደፍሬ ጠየቅኳቸው። ወይዘሮ ኒሺዎ በገዛ እጃቸው የሠሩትን የዱባ ወጥ ይዘውልን መጥተው ነበር።

«ሰሌዳዋ እኛን የዘለለችን መሰለኝ።»

«ኧረ አልዘለለችም።»

«ከእርስዎ ቀጥሎ እኮ እኛ ነን።»

«ሰሌዳዋ አርጅታለች፣ ልዕልታችን። እንጨቷ እጅ ይወጋል።»

ቶሞሂሮ እኔ ልያዛት አለ። ለሱም ሰገዱለት! ከሄዱ በኋላ እየሳቀ፣ «አየሽ? ባንቺ ምክንያት እኔም ማዕረግ አገኘሁ። የመንደሩ ብቸኛ መጥረጊያ የማይነካ የሳይንስ መምህር።» እሱ ይስቃል... እኔ ግን ያልተነካውን መጥረጊያዬን አየሁት። ዕድሜ ልኬን ሰው የሚነካውን ሳልነካ ኖሬ፣ ይህን ሁሉ ትቼ የወጣሁት እንደገና ለመዘለል ነው?

ወጡ ግን ጣፋጭ ነው።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 3

ለአዲስ ዓመት አባባ ጋ ሄድን። አባባ ልዑልም ቢሆኑ መቀለድ አይተዉም።

«እሺ፣ ተራ ሰው መሆን እንዴት ነው?»

«ገና አልተቀበሉኝም።»

ስለ ሰሌዳዋ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። «የኛ ዘር ከሰው ለመለየት ሺህ ዓመት ደከመ፤ አንቺ በአንድ መጥረጊያ ልትመለሺ ነው?»

እኔም ነገር ፍለጋ፣ «ለመሆኑ እዚህ ቤት ቆሻሻ የሚነሣው በምን በምን ቀን ነው?» አልኳቸው።

በመስኮት የአትክልት ቦታውን ብዙ ጊዜ አዩ። «አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። ሰባ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው። መጠየቄ ቆጨኝ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 28

መጻፉ ያሳፍራል። ቢሆንም ልጻፈው።

ንጋት ላይ፣ ቀድሜ ያወጣሁት ፌስታል ውስጥ የዓሣ አጥንት ሳልጨምር መቅረቴ ትዝ አለኝ። ይዤ ወጣሁ። መሬቱ መስተዋት የመሰለ በረዶ ነው። ቆሻሻው ቦታ ላይ አንድ ሰው ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አቶ ሃጊኖ። ፊታቸው የኔ ፌስታል ተከፍቷል። የሻይ ቅጠሌን ወዲህ፣ ፕላስቲኬን ወዲያ... ይለያሉ! የለዩትን ሌላ ፌስታል ውስጥ ይከታሉ። ፌስታሉ ላይ «ሃጊኖ» ተብሎ ተጽፏል።

«አቶ ሃጊኖ?» አልኩ።

ምነው አፌን በቆረጠው! ብድግ ብለው እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ አሉ፣ በዚያ በረዶ ላይ። እግራቸው ከዳቸው። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ።

ወደ ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው መኪናው ውስጥ ሁሉንም ተናዘዙ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። እኔ ቆሻሻ መለየት አልችልም ለካ። አንድም ቀን በትክክል ለይቼ አላውቅም!

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዴት ብለን፣ ልዕልታችን?»

«ፌስታሉንስ ለምን ቀየሩት?»

«በእጅዎ የጻፉት ስም ከቆሻሻ ጋር ሲጨፈለቅ ማየት አልቻልንም።»

ፌስታሎቹ ታጥበው፣ ታጥፈው፣ ከቤታቸው የአያቶች መታሰቢያ መሠዊያ ሥር መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ሃያ አንድ። ወይዘሮ ኒሺዎ ጥግ ላይ ቆመው ሰው እንዳይመጣ ይጠብቁላቸው ነበር። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ።

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ተራ ሰው ልሁን ብዬ ወጥቼ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ በረዶ ላይ ተቀምጠው ቆሻሻዬን ይለቅሙልኛል። የወጣሁትስ ከየት ነው?

ይህ ሳምንት የሳቸው ተራ ነው። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ሰሌዳዋን ከበራቸው ነቅዬ ወሰድኩ። ማንም አልሰጠኝም። ስሰርቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 31

ጥርግ አድርጌ ጠረግሁ። መረቡን እንደ ግብዣ ጠረጴዛ ልብስ ዘረጋሁት፤ ማዕዘኖቹን አጠፍኩ፣ ዳርና ዳሩን እኩል አደረግሁ። ያማረ ሥራ! ገብቼ ሻይ ጠጣሁ።

ጠርዙ ላይ ጡብ ይደረጋል ለካ።

ስመለስ ሠላሳ ቁራ ግብዣውን ጀምሯል። የመንደሩ ጓዳ በሙሉ በረዶው ላይ ተዘርግቷል። ማጨስ አቁሜያለሁ የሚሉት የቁጥር ስምንቱ ሐኪም የሲጋራ ቁራጭ... የቁጥር ሁለቷ ምራት ከአማቷ ደብቃ የበላችው የኬክ ወረቀት... ለቅሜ ለቅሜ አንድ የፕላስቲክ ማሸጊያ እጄ ላይ ቀረ። የሱቅ። የዱባ ወጥ። «ኒሺዎ» ከሚል ፌስታል የወጣ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ኒሺዎ በቤት ጫማ እየሮጡ ደረሱ።

«አንቺ ልጅ! መረብ እንዲህ ነው የሚዘረጋው? ጡቡስ? ጡቡን ለጌጥ ያስቀመጥነው መስሎሽ ነው? እናትሽ ምንም አላስተማረ—»

አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ፊታቸው ነጣ። ቀስ ብለው ጎንበስ ማለት ጀመሩ።

ትከሻቸውን ጨብጬ ያዝኳቸው። «በረዶው ላይ ሌላ ሰው እንዳይሰበርብኝ! ይልቅ ይቀጥሉ።»

«ምኑን?»

«ቁጣውን።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እጄ ወረደ፣ ወደ ዱባው ማሸጊያ። ጆሯቸው ቀላ።

«እሱን ስጪኝ» አሉ።

«ፕላስቲክ እኮ በረቡዕ ነው የሚወጣው» አልኩ።

እግዜር ይይልኝ፣ አመለጠኝ! ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ነገር ከደረታቸው ወጣ። ወዲያው ቁጣቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ግማሽ ሰዓት! ስለ ጡቡ፣ ስለ አጠራረጌ፣ ስለ ነጩ ጓንት፣ በብሩሽ ስለምጽፈው ስሜ («የሠርግ መጥሪያ ነው እንዴ የምትልኪው?»)። እየተቆጡ አብረውኝ ለቀሙ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ብርዱ ነው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

ጋሽ ሃጊኖ ጋ ፖም ይዤ ሄድኩ። በግራ እጃቸው ቆሻሻ መለየት አስተማሩኝ። «ይኼ?» ይላሉ። «የሚቃጠል ቆሻሻ» እላለሁ። «ወደቅሽ!» ይላሉ። ከዐሥር ሦስት አገኘሁ። ፌስታሎቼን መልሱልኝ አልኳቸው። እንቢ አሉ። ተከራክረን ተከራክረን አንዷን ሊያስቀሩ ተስማማን፤ ሃያዋን ተሸክሜ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ማርች 30

ሰሌዳዋ ቁጥር አራት ላይ ናት። ነገ... ምንም አልጠብቅም። መጥረጊያውን ግን በር አጠገብ አቆምኩት።

ሰኞ፣ ማርች 31

አለች!! በሬ ላይ። ገመዷ አዲስ ነው። እንጨቷ እውነትም እጅ ይወጋል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

መኪናው ሁሉንም ፌስታል ወስዶ አንድ ብቻ ትቶ ሄደ። የኔን። በተራዬ በመጀመሪያው ቀን! ስሙ በእስክሪብቶ፣ ኩሳካ። ላዩ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ በወይዘሮ ኒሺዎ እጅ የተጻፈ፦ «የወተት ካርቶን እዚህ አይጣልም። ለይተሽ አምጪ።»

ወረቀቱን እንዳይቀደድ ቀስ ብዬ ላጥኩት። ይኸው ከዚህ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ። ትንሽ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

አባባ ጋ ደውዬ አነበብኩላቸው።

«ይኸው ነው? ልዕልት ምናምን የሚል የለውም?»

«የለውም።»

«ደግመሽ አንብቢልኝ።»

ደገምኩላቸው። ሳቃቸውን ስጠብቅ አልሳቁም።

«ኡታኮ» አሉ፣ «እኛ ቤት ቆሻሻ የሚነሣው ሰኞና ሐሙስ ነው። ጠየቅኩ።»