ከቤት ወሊድ ነፃ በሆነች ቀበሌ እቤት ስለተወለደችው ነሲባ

ለተከበሩ የወረዳችን የጤና ኃላፊ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ አላህ አፊያውን ያብዛላችሁ፤ ብርድ አይንካችሁ፣ ራስ ምታት እንኳ ደጃችሁን አይርገጥ። እኔ አሕመድኑር ከመካነ ሰላም የአንድ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ደጋ ልጆች ቁርአን እያስቀራሁ የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ሁሉም በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ ማመልከቻዬ ከቢሮዎ ሦስት ጊዜ ስለተመለሰብኝ ነው፤ ብዙ ዓይን ያየው ወረቀት ምናልባት አይጠፋ ይሆናል ብዬ ነው።

በቅድሚያ ስለ ሰሌዳው ላመስግንዎ። ባለፈው ኅዳር ቀበሌያችን «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ» ተብላ ተሸልማ፣ መንገድ ዳር ትልቅ ሰሌዳ ተተክሎላታል። ቀለሙ እጅግ ያምራል። የልጄ የሙጀሂድ ሚስት ፈርሂያ ግን ማንበብ ስለማትችል፣ ሰሌዳው በቆመ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እቤት ወለደች።

አንደኛ፣ ስለዚህ ጥፋቷ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምጡ ሲጀምራት አምቡላንስ ደውለን ነበር፤ ነዳጅ ስለሌለ ዋናው መንገድ ድረስ አውርዷት ተባልን። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብንና የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ ማሰር ጀመርን፤ ሕፃኗ ግን ታስሮ እስኪያልቅ እንኳ አልታገሰችንም። አባቷ ሳውዲ የሰው ግመል ይጠብቃልና ለቅሶዋን በስልክ አሰማነው፤ እሱም አብሯት አለቀሰ።

ሁለተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ዝናሽ ትእዛዝዎን በሚገባ እንዳከበረች ልመስክርላት። አራስ ቤት ድረስ እየሄደች ሕፃናትን የምታየው በመዝገቧ መሠረት ነው፤ እቤት የተወለደ ልጅ ብትጽፍ ቀበሌው ሰሌዳውን እንደሚነጠቅ፣ እሷም ከሥራዋ እንደምትነሳ ተነግሯታልና የእኛዋን ሳትጽፍም ሳትጎበኝም ቀረች። ይህን የነገረችኝ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው። አልተቀየምኳትም፤ እንጀራዋ ነው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል፤ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነውና። በሰባተኛው ቀን አቂቃ አወጣን፤ በግ አረድን፣ ስሟን ነሲባ አልናት፣ የማኅፀን ፀጉሯንም እኔው ላጨሁ። የልጆቼን ሁሉ ራስ የላጨሁት በዚሁ እጄ ነው። በእኛ ልማድ ይህ የሚደረገው በማለዳ፣ ግቢ ውስጥ፣ ሽማግሌ በተሰበሰበበት ነው። ውርጩ ባቄላውን ያጠቆረበት ማለዳ ነበር። ራሷን በውኃ አርሼ ላጨሁና ቅቤ ቀብቼ፣ ሁሉም እየተቀበለ ዱዓ እንዲያደርግላት ለሽማግሌዎቹ ሰጠኋት። አሥራ ስምንት ሰው ነበርን፤ አንዱም ዱዓውን አላሳጠረም። ፈርሂያ ከጓዳ ሆና፣ አባዬ ከንፈሯ ጠቆረ ብላ ላከችብኝ። እኔም ዱዓ አይቋረጥም ብዬ መለስኩባት። ወላሂ፣ ያችን ቃል መልሼ መዋጥ ብችል ምላሴን ጭምር በዋጥኩ ነበር። ማታ ጡት እምቢ አለች። በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ፣ ከእናቷ ደረት ሳትወርድ መንገድ ላይ አረፈችብን።

ከቀብሩ በኋላ ዝናሽ መጥታ እያለቀሰች ነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን ብትመጣ ኖሮ፣ የጨቅላ ገላ ሙቀት በራሱ በኩል እንደሚያመልጥ፣ ራሷ እንዳይራቆት፣ ብርዱ እስኪያልፍ መላጨቱን እንድናቆየው ትነግረን ነበር። ለተመዘገቡ ሕፃናት ብቻ የሚታደል የሱፍ ቆብም ቁምሳጥኗ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ብትነግረኝ እሰማት ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። እሰማት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ልጅ እውቀት ግዴታ ነው እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ ይህችን አንዲት ነገር ሳላውቅ ቀረሁ።

አራተኛ፣ መወለዷና መሞቷ ይጻፍልኝ ብዬ ብለምን፣ ቢሮዎ በቀበሌው እንዲህ ያለ ልጅ ስላልተወለደ ሊሞትም አይችልም ሲል በጽሑፍ መለሰልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና አልፈረድኩም። ጥፋተኛ ካስፈለገ የእኔን ስም ይጻፉ። ልመናዬ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ነሲባ ሙጀሂድ፣ ስምንት ቀን ኖረች። ፈርሂያ ወተቱ ጡቷን ወጥሮት፣ አባዬ፣ ልጅ ነበረችኝ አይደል እያለች ትጠይቀኛለች። ነበረችሽ እላታለሁ። የመንግሥት ወረቀት ቢያግዘኝ ግን የተሻለ ታምነኝ ነበር።

እርስዎን የመሰለ፣ ሕፃናት በማይሞቱበት መዝገብ ላይ የሚፈርም ኃላፊ ለሰጠን ለአላህ ምስጋና እያቀረብኩ፣ ለቀጣዩ ሽልማትዎም ከወዲሁ እንኳን ደስ አለዎት የምል፣

አክባሪዎ፣ የነሲባ አያት፣
አሕመድኑር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጎረቤታችን ሀዲያ ወሯ ገብቷል። ባሏ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቀበሌ፣ እዘመድ ቤት ሊወስዳት ጓዙን እየሸከፈ ነው፤ እዚያ ገና ሰሌዳ ስላልተተከለ፣ እቤት ብትወልድ እንኳ ልጇ ይጻፍላታል፣ የሚጎበኘውም ሰው አያጣም። አደራዎን፣ ሀዲያ በሰላም እስክትገላገል ድረስ ያንን ቀበሌ እንዳይሸልሙብን።